«አንቺ ጋ ትመጣለች ወይ?»

ይህን ጽሑፍ ያመጣው አክስቴ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ላይ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ጥያቄው አጭር ነው። «የእነ እንትና ልጅ አንቺ ጋ ትመጣለች ወይ?» አለችኝ። መልስ ሰጥቻታለሁ። መልሴ ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ማታ ልተኛ ስል እየመጣ ያነጋግረኛል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ስለ ምስጢር ጥበቃ እየጻፍኩ የሰው ምስጢር ብዘራ ነውር ነው። ስለዚህ ሰፈሩን፣ የልጁን ጾታና ዕድሜ፣ የቤተሰቡን ሁኔታ ለውጫለሁ። ይቺ «ልጅ» እኔ ጋ መጥታ ታውቅ እንደሆነ ወይም ጨርሶ አይታኝ የማታውቅ እንደሆነ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ብታነቡትም አታገኙትም። አክስቴን ግን አስፈቅጃለሁ። አንብቤላት «ጻፊው፤ ለሌላውም ይጠቅማል» ብላኛለች።

ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ

ባሕር ዳር በስፋቷ ትልቅ ከተማ ሆናለች። በትውውቅ ግን ገና አንድ ሰፈር ናት። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የተማረው ፖሊ ግቢ ከተማረው ጋር በሆነ በኩል ይገናኛል። አባይ ማዶ የሚኖረው ሽምብጥ አክስት አለው። ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ጽዋ ማኅበር ላይ፣ ጥምቀት ታቦት ስንሸኝ የማይገጣጠም ሰው የለም።

እኔ ጋ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ከችግሩ በፊት የሚያስጨንቀው «ማን ያየኛል?» የሚለው ነው። ጠበል ተጠምቋል፣ ሽማግሌ አነጋግሯል፣ ለጓደኛ አውርቷል። የመጨረሻውን በር ሲያንኳኳ «አበደች» ወይም «አበደ» መባልን ይፈራል። ባጃጁን ሁለት ቅያስ ቀድሞ ያስቆምና ቀሪውን በእግሩ ይመጣል። ደረጃው ላይ የሚያውቀው ሰው ካየ ምድር ቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ይቆያል። ስለዚህ በአንዱና በሌላው ቀጠሮ መሃል ሰፋ ያለ ጊዜ እተዋለሁ፤ የሚወጣውና የሚገባው ፊት ለፊት እንዳይገናኙ። ስልኬ ላይ ሙሉ ስም አልመዘግብም። ማስታወሻዬ ተቆልፎ ነው የሚያድረው።

ከሁሉም የሚከብደው ሰላምታ ነው። እኛ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ጥል ነው። ማታ ማታ በጣና ዳር ስሄድ፣ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ስታለቅስ የነበረች ሴት ከእጮኛዋ ጋር ዓሣ ጉልጉል እየበላች አገኛታለሁ እንበል። ሰላም ካልኳት እጮኛዋ «ማናት?» ይላታል። ዝም ብዬ ካለፍኩ ደግሞ «ጠላችኝ፣ ተጸየፈችኝ» ብላ ልታድር ትችላለች። ስለዚህ ገና መጀመሪያ ቀን እጠይቃለሁ፦ መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልሽ ወይስ አንቺ ካላልሽኝ ልለፍ? አንዳንዱ «ኧረ ሳሚኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት እላለሁ» ይላል። ሌላው «እባክሽ እንደማታውቂኝ ሁኚ» ይላል። ሁለቱም መብታቸው ነው። እኔ ስለ እነሱ ውሸት አልናገርም፤ እነሱ ግን ስለ እኔ የፈለጉትን ማለት ይችላሉ።

ብዙ ሰው ምስጢር ሲባል ክፍሉ ውስጥ የተባለው ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ግን ከተባለው ነገር በፊት መምጣቱ ራሱ ምስጢር ነው። አክስቴ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነው።

ቶናው ላይ

አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። እቴቴ ነው የምላት። ቤቷ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ያን ቀን አቦሉን ጠጥተን ቶናውን እየቀዳች ነበር። ቄጠማው ገና አልደረቀም። ጀበናውን ዘንበል አድርጋ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቀና ብላ ሳታየኝ ነው የጠየቀችኝ።

ዝም ስል ቀጠለች። «እናቷ እኮ እንቅልፍ አጥተዋል። ልጅቷ አትበላም። በሯን ዘግታ ነው የምትውለው። ራሷን እንዳትጎዳ ብለው ሌሊቱን ሙሉ በሩ ላይ ሲያዳምጡ ነው የሚያድሩት። ምን አለችሽ አልልሽም። ትመጣ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«ብቻ» የምትለው ነገር ቀላል ትመስላለች። «አዎ» ብል እቴቴ ያንኑ ማታ፣ ለክፋት ሳይሆን ለማጽናናት ብላ ለእናትየው ትነግራቸዋለች። እናትየው ልጃቸውን «እዚያ ትሄጃለሽ አሉ» ይሏታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነችው ሰው ቡና ላይ እንዳወራት ታውቃለች። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ብቻ ሳይሆን የትም አትሄድም።

«አትመጣም» ማለትስ? ልጅቷ በእርግጥ የማትመጣ ብትሆን «አትመጣም» ማለት ማንን ይጎዳል? ያን ጊዜ ስኒዬን ይዤ ያሰብኩት ይህን ነው። ዛሬ ስለ አንዷ «አትመጣም» ካልኩ፣ ነገ ስለ ሌላዋ ስጠየቅ «አልናገርም» ብል እቴቴ ሞኝ አይደለችም። «ስለዚያችኛዋ አትመጣም አለችኝ፤ ስለዚችኛዋ ዝም አለች፤ እንግዲያው ትመጣለች» ብላ ትደመድማለች። ዛሬ የማትመጣዋን ሰው ነጻ ሳደርግ ነገ የምትመጣዋን አጋልጣታለሁ ማለት ነው። ስለዚህ መልሱ ለሚመጣም ለማይመጣም አንድ ዓይነት ካልሆነ ምንም አይጠብቅም። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ላሳደገችኝ ሴት በአፌ መናገር ግን ሌላ ነገር ነበር።

«እቴቴ» አልኳት፤ «እኔ ጋ ማን እንደሚመጣ ማን እንደማይመጣ ለማንም አልናገርም። የማትመጣም ብትሆን አልነግርሽም።»

ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። አሁን ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ባዕድ ነኝ?»

እዚህ ጋ ነው የከበደኝ። እቴቴ ወሬ ፈልጋ አልጠየቀችም። ሐሜት የሚባል ነገር ከቤቷ አይገባም። የእኔን የልጅነት ገመና ሸፍና ያሳደገች ሰው ናት። እኛ ዘንድ ደግሞ ዘመድነት የሚታወቀው በመነጋገር ነው። ከዘመድ የሚደበቅ ነገር ሲኖር ፍቅሩ እንደቀነሰ ይቆጠራል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለን ነው ያደግነው፤ እሷም መድኃኒት ልትሆን ነው የፈለገችው። እኔ ደግሞ በሩን ዘጋሁባት።

«ባዕድ አይደለሽም» አልኳት። «ግን አንቺ ነገ አንዱ ጋ ሄደሽ የሆድሽን ብትነግሪው፣ ያ ሰው ለእህቱ እንዲነግራት ትፈልጊያለሽ? እህቱም እንደ አንቺ ደግ ሰው ብትሆን?»

ትንሽ አሰበች። «የንስሐ አባቴ ለሌላ ቢናገሩብኝማ…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ቶናውን ቀድታ ሰጠችኝና ስለ ዓሣ ዋጋ ማውራት ጀመረች። ቤቱ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ነው የቆየው።

ምስጢሩ የማን ነው?

የንስሐ አባትን ያነሳችው እሷ ናት፤ ጥሩ አድርጋ ነው ያነሳችው። ምስጢር መጠበቅ እኛ ጋ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ይዞ የሚሞት ሰው የተከበረ ነው። ሕጉም ያውቀዋል። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን አስቀምጧል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሃይማኖት አባትን፣ ጠበቃን፣ ሐኪምን እየጠራ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ይቀጣል ይላል።

በእኔና በንስሐ አባት መካከል ግን ልዩነት አለ። የንስሐ ምስጢር ወሰን የለውም። የእኔ አለው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ዝም ማለት አልችልም። እንግዲህ ያ ወሰን የት ነው የሚጀምረው? ማንስ ነው የሚወስነው?

የሙያችን ሰዎች ብዙ የሚጠቅሷት ካረን ኪችነር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ጽሑፍ አማካሪ ሲወስን ሊመዝናቸው የሚገቡ አምስት መርሆች አስቀምጣለች፦ የሰውን የራስ ውሳኔ ማክበር፣ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ ፍትሐዊ መሆንና ቃልን መጠበቅ። ችግሩ የሚመጣው እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። ቃሌን ብጠብቅ ልጅቷ ልትጎዳ ትችላለች፤ ላድናት ብዬ ብናገር የራሷን ውሳኔ ነጠቅኳት።

እኔ በእነዚህ አምስቱ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም። የእኛ ከተማ ፈተና ግን መርሆቹ መጋጨታቸው ብቻ አይደለም። ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው የምትወደው ሰው መሆኑ ነው። ፖሊስ ቢጠይቀኝ፣ አለቃ ቢጠይቀኝ መልሱ አይከብደኝም ነበር። ቡና እየቀዳች የምትጠይቅ አክስት ፊት ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

አንድ ነገር ደጋግሜ ለራሴ ስነግር ቆየሁ፦ ምስጢሩ የእኔ አይደለም። የእኔ ቢሆን ኖሮ ለእቴቴ ለመስጠት አንድ ደቂቃ አላስብም ነበር። የሰው ንብረት ግን፣ የቱንም ያህል ብትወደው፣ ለእንግዳ አንስተህ አትሰጥም።

ተነገረ እንኳ፣ ለማን?

እዚህ ላይ የሆነ ሰው «ልጅቷ ራሷን ብትጎዳስ?» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴን በሙያችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሚነሳ አንድ ታሪክ ልጀምር።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ነው። ፕሮሰንጂት ፖዳር የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንዲት የሚያውቃትን ወጣት ለመግደል እንደሚያስብ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ይነግረዋል። ባለሙያው ዝም አላለም። ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶቹ ልጁን ይዘው አነጋገሩት፤ አእምሮው ጤነኛ ይመስላል ብለው ለቀቁት። ለልጅቷ ለታቲያና ታራሶፍ ግን ማንም ምንም አልነገራትም። ለቤተሰቧም አልተነገረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ገደላት።

ወላጆቿ ከሰሱ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ባለሙያው አደጋ ያንዣበበባትን ሰው የማስጠንቀቅ ግዴታ ነበረበት አለ። ጉዳዩን እንደገና አይቶ በ1976 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ግዴታውን ወደ መጠበቅ አሰፋው፦ እንደ ሁኔታው ያቺን ሰው ማስጠንቀቅ፣ ለፖሊስ ማሳወቅ ወይም ሌላ ተገቢ እርምጃ መውሰድ።

ይህ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ አይሠራም። ብዙ ጊዜ የሚነገረውም «አደጋ ሲኖር ምስጢር ይከፈታል» ለማለት ነው። እኔ ግን ከእቴቴ ቤት ከወጣሁ በኋላ ያየሁት ሌላ ነገሩን ነው። ባለሙያው ምስጢሩን ከፍቶት ነበር። የተከፈተው ግን ልጅቷን ሊያድን ወደሚችለው ጆሮ አልደረሰም። ስለዚህ ጥያቄው ልናገር ወይስ አልናገር ብቻ አይደለም። ለማን? ምን ያህል? ተናግሬስ ሰውየው ምን ማድረግ ይችላል?

እኔ ጋ የመጣች ልጅ በሕይወቷ ላይ አደጋ እንዳለ ባየሁ ለእቴቴ አልነግርም፤ ዛሬም ነገም። መጀመሪያ ልጅቷን ራሷን በግልጽ እጠይቃታለሁ፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብዬ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስለዋል። አያስገባም፤ ብዙ ጊዜ ልክ እንደተጠየቁ ትንፋሻቸው ሲወጣ ይሰማል። ከዚያ ለጉዳት ሊውል የሚችል ነገር ከአጠገቧ እንዲርቅ እንነጋገራለን። ማን ይወቅልሽ ብዬ እሷን አስመርጣታለሁ። አብረን እንደውላለን። አስፈላጊ ከሆነ ሐኪም ቤት አብሬያት እሄዳለሁ። እምቢ ብትልና አደጋው ቅርብ ቢሆን እንኳ፣ የምነግረው ሊያድናት ለሚችል ሰው ነው፤ የምነግረውም ለማዳን የሚበቃውን ያህል ነው። «ዛሬ ብቻዋን እንዳታድር» ለማለት ፍቅረኛዋ ምን እንዳደረጋት መናገር አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዬን አልወስንም። ስም ሳልጠራ የሙያ ባልደረባ አማክራለሁ። ግን እዚሁ ያለ ሰው «አንዲት ልጅ፣ አባቷ ነጋዴ፣ ሰፈሯ እዚህ ገደማ» ስለው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሊያውቃት ይችላል። ስለዚህ ሐዋሳ ለምትሠራ ጓደኛዬ ነው የምደውለው። ርቀቱ ራሱ ጥበቃ ነው።

እናትየው

ከሳምንታት በኋላ እቴቴ ደወለች። «እሺ፣ አትንገሪኝ» አለችኝ። «ሴትዮዋን ግን መስማት ትችያለሽ?»

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ መናገር ነው የተከለከልኩት እንጂ መስማት አይደለም። «ይምጡ» አልኳት።

እናትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ሐዘን ላይ እንዳሉ። ከመቀመጣቸው በፊት ነገሩን ቁርጥ አድርጌ ነገርኳቸው። «እማማ፣ ልጅዎን አውቃታለሁም አላውቃትምም አልልዎትም። ይህን የምለው ለማንም ሰው ነው። የሚነግሩኝን እሰማለሁ። ግን ምናልባት የማውቃት ብሆን፣ እርስዎ መጥተው እንዳነጋገሩኝ አልደብቃትም። ይህን ይወቁና ከዚያ ይንገሩኝ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ንገሪያት» አሉ። «እናቷ በሯ ላይ እንደምታድር ንገሪያት።»

«የማውቃት ከሆነ» አልኳቸው።

«የምታውቂያት ከሆነ» አሉ። ገብቷቸዋል።

ከዚያ የቆየነው ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ እሳቸው ነበር። በሩን ከመደብደብ ይልቅ ምግቡን ይዘው ገብተው አጠገቧ ቁጭ ማለት እንደሚችሉ። «ምን አነሰሽ?» ከማለት «ከብዶሻል አይደል?» ማለት እንደሚሻል። ራሷን ስለማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ እንደማይጎዳ። ምን ምልክት ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ እንዳለባቸው። ጠበሉን እንዲተዉ አልነገርኳቸውም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሲወጡ ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል ከእኔ አልወሰዱም። ባዶ እጃቸውን ግን አልሄዱም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ምስጢር መጠበቅ ቤተሰብን መከልከል ይመስለኝ ነበር። እናትየውን ካየሁ በኋላ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ቀን ላይ የሚያልቅ ነገር

አማካሪ ጫና ሲመጣበት ነው የሚወስነው ብለን እናስባለን። ጫና ላይ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ጥሩ አይሆንም። ዋናው ሥራ መጀመሪያ ቀን፣ ሰውየው ገና ችግሩን ሳይናገር ነው የሚሠራው። ወሰኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ፦ ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ እንደሆነ ካየሁ፣ ሕፃን እየተጎዳ እንደሆነ ከሰማሁ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘኝ ዝም ላልል እችላለሁ። ያኔም ቢቻል ለአንተ ሳልነግር ለሌላ አልነግርም። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ አለ። «እንግዲያው አልናገርም» ብሎ የሚቆጠብም አለ። እሱም መብቱ ነው፤ ሳያውቅ ተናግሮ ኋላ ከሚያዝን አውቆ ቢቆጠብ እመርጣለሁ።

ልጅ ከሆነ ደግሞ ወላጅም አለ። ክፍያውን የሚከፍለው አባት «እኔ እየከፈልኩ እንዴት አላውቅም?» ይላል። አይፈረድበትም። ስለዚህ ሦስታችን ተቀምጠን እንስማማለን። ወላጅ የሚያውቀው ምንድን ነው? ልጁ ቀጠሮውን ማክበሩን፣ አደጋ ካለ ደግሞ ያንኑ ቀን። የቀረው የልጁ ነው። ልጁ ፊት ስለምንነጋገር «ከኋላዬ ምን አሏችሁ?» አይልም። ይህን ስምምነት በጽሑፍ አድርገን የፈረምንበት ጊዜ አለ፤ የወላጁ ፊት ሲፈታ አይቻለሁ። አባት የሚፈልገው ልጁ ያለውን ሁሉ መስማት አይደለም። በሌሊት ስልኩ እንዳይደወልበት ነው የሚፈራው።

እቴቴ አሁንም ሰው ትልክብኛለች። ስም አትጠራም። «አንድ የተጨነቀ ሰው አለ፤ ቁጥርሽን ሰጥቼዋለሁ» ትላለች። መጣ ወይስ አልመጣም ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ለልጃችሁ ተጨንቃችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አማካሪው ጋ ከመደወላችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ። ከፈቀደች አብራችሁ ኑ። ካልፈቀደች እናንተ ለራሳችሁ ሌላ ባለሙያ ጋ ሂዱ። በር ላይ እያዳመጠ የሚያድር ሰው እሱም የሚያዳምጠው ያስፈልገዋል። ያ ባለሙያም ልጃችሁ ብትጠይቀው መምጣታችሁን አይነግራትም።